ዝም የሚባልበት ቁጥር

ግቢው ውስጥ ልጆች ድብብቆሽ ይጫወቱ ነበር። ተራዋ የደረሰ አንዲት ልጅ ፊቷን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ትቆጥራለች። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት..." ድምጿ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ይሰማል። "...ስድስት፣ ሰባት፣" አለችና ዝም አለች። አንድ ትንፋሽ የሚያህል ዝምታ። ከዚያ፣ "ዘጠኝ፣ አሥር፣ መጣሁ!"

ዝላታ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ለፊልም የሚሆን የወረቀት ምስል እየቆረጠች ነበር። ልጅቷ ተሳስታ ይሆናል አለች በልቧ። ቀጥሎ ተራው የወንድ ልጅ ሆነ፤ ድምፁ ጎርነን ያለ፣ ቁጥሩን እየረገጠ የሚቆጥር። እሱም ሰባት ላይ ደርሶ ዝም አለ፣ ከዚያ ዘጠኝ አለ። ከተደበቁት መሀል አንዱም ወጥቶ "አጭበረበርክ፣ ዘለልክ!" አላለም። ልጅ ደግሞ በጨዋታ ላይ በእንዲህ ያለው ነገር እናቱንም አይምርም። ዝምታውን ሁሉም ያውቁታል ማለት ነው። ዝላታ መስኮቱን ዘጋች።

ከየት እንዳመጡት አልጠፋትም። ያንን ዝምታ ለልጆቹ ያስተማረችው እሷ ናት።

ዝላታና ባሏ ኦቶካር በዛግሬብ ከተማ፣ ኢሊትሳ ጎዳና ላይ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለች ስቱዲዮ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። የቴሌቪዥኑ የትምህርት ክፍል ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ከአንድ እስከ አሥር ያሉትን ቁጥሮች የሚያስተምሩ አሥር አጫጭር ፊልሞች አዘዘ። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ዳክዬ፣ ሦስት ፖም፣ አራት ኳስ ሥሎ ይገላገል ነበር። ኦቶካር ግን ከዳክዬ ጋር የቆየ ጠብ ነበረው። "ልጅ ማለት ሞኝ ማለት አይደለም፤ ዳክዬ ካማረው ሐይቅ ዳር ይሂድ" ይል ነበር። እሱ የፈለገው ቁጥሩ ራሱ እንዲኖር ነው፤ እንዲተነፍስ፣ እንዲደክመው፣ ቀስ ብሎ ወደሚቀጥለው ቁጥር እንዲለወጥ።

የሚሠራው በአሸዋ ነው። ከድራቫ ወንዝ ያመጣውን ጥቁር አሸዋ በዝላታ አሮጌ ስቶኪንግ አጥልሎ፣ ከሥሩ መብራት በሚበራበት ነጭ መስታወት ላይ ይበትነዋል። አሸዋው ከተገፋ ብርሃን ይወጣል፣ ከተከመረ ይጨልማል። በጣቱ ትንሽ ይገፋል፣ እጁን ያነሳል፣ ከላይ የተሰቀለውን ካሜራ በእግሩ ፔዳል ያስነሳዋል፤ ቀጭ። አንድ ምስል። ደግሞ ትንሽ ይገፋል፤ ቀጭ። ለአንድ ሰከንድ ፊልም ሃያ አምስት ጊዜ ቀጭ ማለት አለበት። አዲሱን ምስል ለመሥራት አሮጌውን ማፍረስ ግድ ስለሆነ ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ መስታወቱ ላይ ያለው ሁልጊዜ የመጨረሻው ብቻ ነው። ስለዚህ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ወረቀት ላይ በእርሳስ አንድ ጭረት ይጫራል። ኦቶካር ሳይጭር የቀረበት ቀን አልነበረም።

የዚህ ሙያ ሰዎች ብቻ የሚሠሩት አንድ ስህተት አለ፤ እጅን ከመስታወቱ ሳያነሱ ፔዳሉን መርገጥ። ያን ጊዜ እጅ ፊልሙ ውስጥ ይቀራል። ለሰከንድ አንድ ሃያ አምስተኛ ያህል ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ ትልቅ ሰው አያየውም፤ ልጅ ግን ያየዋል፣ አይቶም አይተውም፣ "ያ እጅ የማነው?" ብሎ ይነዘንዛል። ኦቶካር ተማሪዎቹ እንዲህ ሲሳሳቱ፣ "ምነው፣ ፈጣሪን ሥራ አስቀጠርከው እንዴ?" እያለ ያሾፍባቸው ነበር። እጅ የገባበት ምስል ሁልጊዜ ተቆርጦ ይጣላል።

እስከ ሰባት ድረስ ሠሩ። ስምንትን ለመጀመር፣ ሰባት ቁጥር ቀስ በቀስ ጎንበስ ብሎ ሆድ እንዲያወጣ በማድረግ ላይ እያሉ ነው ያ የመስከረም ጠዋት የመጣው። ክፍሉ የኦቶካር ፒፓ ሸትቶ ነበርና ዝላታ ሳታስብ መስኮቱን ከፈተችው። ነፋሱ የግማሽ ቀን ሥራ ጠረገ። ኦቶካር ጮኸባት፤ ጠዋት ያልበላ ሰው እንደሚጮኸው ጮኸባት። እሷም ዝም ብላ የምትሰማ አልነበረችም።

"ከአሸዋህ ጋር ተቀበር!" አለችው። "ካሁን በኋላ ብትሞትም እዚህ ክፍል እግሬ አይረግጥም!"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ባልና ሚስት ግን በቀን ሦስት ጊዜ አፋፍ ያደርሱታል፣ ማታ አብረው ሾርባ ይጠጣሉ፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። ይኼኛው አልቀረም።

ዝላታ ወደሚቀጥለው ክፍል ገብታ ወረቀት መቁረጥ ጀመረች። ግድግዳው ስስ ነው። ፔዳሉ ይሰማታል፤ ቀጭ፣ ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ቀጭ። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ድምፁ ተቀየረ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ መሀሉ ትንፋሽ እንኳን የማያስገባ። አሸዋ በዚያ ፍጥነት የሚገፋ እጅ በዓለም ላይ የለም። ሌላ ሰው ባያውቅ ዝላታ ታውቃለች። የሙያ ነገር ሆኖባት ቆጠረችው እንኳን፤ እስከ አሥራ ዘጠኝ ቆጠረች። "ሊያናድደኝ ነው" አለች፣ ተነሳችና ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው። ስለ ባሕር ይዘፈን ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወረቀቷን ቆረጠች።

ምሳ ሲደርስ መሐላ መሐላ ነውና ራሷ አልገባችም። ምድር ቤት ፊልም የሚያጥበውን ሽማግሌ፣ ሽቴፍን ላከችው። ሽቴፍ ገብቶ ሲወጣ ፊቱ ላይ ደም አልነበረም። ኦቶካር ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ አንድ እጁ መስታወቱ ላይ፣ እግሩ ፔዳሉ ላይ ነበር። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ሬሳው ከወጣ በኋላ ሽቴፍ መብራቱን አጠፋ፣ መስታወቱን ሳያይ በእንጨት ክዳን ከደነው፣ ክፍል ሲዘጋ ቆጣሪ ይነበባል በሚለው ልማድ የካሜራውን ቆጣሪ አንብቦ የኦቶካር ወረቀት ጠርዝ ላይ ጻፈው፣ በሩንም ቆለፈ። ወረቀቱን ከኦቶካር መነጽር ጋር ለዝላታ ሰጣት።

የወረቀቱ የመጨረሻ ጭረት ሦስት መቶ ሰባ አንድ ላይ ነው። ቆጣሪው የሚለው አራት መቶ አሥራ ሁለት። ዝላታ በዚያ ቀን፣ ያለቀሰችውን ያህል አልቅሳ ስታበቃ፣ ቀነሰችው። አርባ አንድ። አርባ አንድ ጊዜ ሳይጫር የተረገጠ ፔዳል። እሷ አሥራ ዘጠኙን ሰምታለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ወር ሆነ። ዘጠኝንና አሥርን የቴሌቪዥኑ የሥዕል ክፍል ሰዎች ሠሯቸው፣ በዳክዬ። ስምንትን ግን ዝላታ "የኔ ነው፣ ማንም እንዳይነካው" ብላ ያዘችው፤ ያዘችና አልሠራችውም። ተከታታዩ በጥር ሲጀመር፣ ስምንት ተራው በደረሰበት ቀን ቴሌቪዥኑ ግማሽ ደቂቃ ግራጫ ካርቶን ያሳይ ነበር፤ ዋሽንት ይነፋል፣ የሚናገር የለም። በየሳምንቱ ይደጋገማል፣ በየሳምንቱ ዝም ይባላል።

ዝላታ ደግሞ ሌላ ነገር ትሰማ ጀመር። ቀን፣ በጠራራው፣ ወረቀት እየቆረጠች፣ ከተቆለፈው ክፍል፤ ቀጭ። የማሞቂያው ቧንቧ ነው አለች። ማሞቂያ በማይሠራበት በሐምሌም ሰማችው። ያን ጊዜ ሬዲዮኑን ልትከፍት እጇን ትሰድና፣ እጇ መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። ሬዲዮኑን ከዚያ ቀን ወዲህ ነክታው አታውቅም።

ልጆቹ ግቢው ውስጥ በቆጠሩ በሦስተኛው ቀን የትምህርት ክፍሉ አዘጋጅ መጣች። ዱብራቭካ ትባላለች፤ የቀድሞ መምህርት፣ ራሷ ትንሽ፣ ቦርሳዋ ትልቅ። ኮቷን ሳታወልቅ የደብዳቤ ክምር ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች።

"ጓድ ዝላታ፣ አይቆጡኝና ይህንን ይስሙኝ። ይኼ ከኦሲየክ ነው፣ ይኼ ከሪየካ፣ ይኼ ደግሞ ከየት እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው፣ ስሙ አይነበብም። ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት። ልጆቹ ስምንትን ዝም ይሉታል።"

"ዝም ይሉታል ማለት?"

"ስምንት ጠጠር ሲሰጧቸው ይቆጥራሉ። ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ በጣታቸው ይነኩትና አፋቸውን ይዘጋሉ። ስሙ ዝምታ መስሏቸዋል። አንዷ መምህርት 'ስምንት በሉ' ብትላቸው፣ 'እሱ አይጠራም' አሏት። ጉድ እኮ ነው! እኔ ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ቁጥር የሚፈራ ልጅ አይቼ አላውቅም።"

"አልፈሩም" አለች ዝላታ። "ያስተማርናቸውን ነው የተማሩት።"

ዱብራቭካ ተቀመጠች። ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ወሩ ሲያልቅ ያ ክፍል ለአሻንጉሊት ሠራተኞቹ ይሰጣል፤ ከላይ የመጣ ውሳኔ ነው፣ እኔ አልችለውም። ካሜራው ይከፈታል፣ ውስጡ ያለው ፊልም ይታጠባል፣ ማየት ያለበት ሁሉ ያየዋል። ስምንትን እርስዎ ካልሠሩት የሥዕል ክፍሎቹ ይሠሩታል።"

"ስምንት ዳክዬ።"

"ስምንት ዳክዬ" አለች ዱብራቭካ፣ ደስ ሳይላት። "እንዳይጠሉኝ። ኦቶካር የሠራው አራት ቁጥር በመጣ ቁጥር እኔም እንደ ልጆቹ ከወንበሩ ጀርባ መደበቅ ያምረኝ ነበር።"

አዘጋጇ ስትሄድ ዝላታ ደብዳቤዎቹን አላነበበችም። ያስጨነቃት ዳክዬው አልነበረም። አርባ አንዱ ምስሎች ሊታጠቡ ነው። እስከ ዛሬ፣ ሊያናድዳት ይሆናል የምትለው ነገር በአንድ ጥግ ነበረላት፤ ቀጭን ነገር ናት፣ ግን በእሷ ተንጠልጥላ አሥራ አራት ወር ኖራለች። ፊልሙ ሲታጠብ ግን ይታወቃል። ወይ ተናዶ ፔዳሉን ደብድቧል፣ ወይ ጠርቷት አልመጣችም። ፈራች።

በማግስቱ ጠዋት ምድር ቤት ወረደች። ሽቴፍ እስከ ክርኑ ድረስ በፊልም ማጠቢያ ሽታ ተነክሮ ዳቦና ሽንኩርት እየበላ ነበር።

"ጋሽ ሽቴፍ፣ ቁልፉን ስጠኝ።"

"ተመስገን። አሥራ አራት ወር ሙሉ ኪሴን ሲበሳ ከረመ። ሱሪዬን ማን ይጥፍልኝ?" ብሎ ሊቀልድ ሞከረና ፊቷን አይቶ ተወው። "አብሬሽ ልግባ?"

"አይ።"

"እሺ። ቀስ ብለሽ እርገጪ። ባስነጥስ እንኳን አሸዋውን እንዳላፈርሰው ፈርቼ ክዳኑን አንስቼው አላውቅም፤ ከሥሩ ምን እንዳለ አላየሁም።"

አሸዋ ያለበት ክፍል በካልሲ ነው የሚገባው፤ ጫማ ወለሉን ያናውጣል። ዝላታ በሩን ከፍታ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል፣ ከደፉ በስተ ውስጥ የኦቶካር ጫማ ነበር። ጎን ለጎን፣ ማሰሪያው ሳይፈታ፣ አፉን ወደ ውጭ አዙሮ፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ወጥቶ ለመሄድ በሚያመች አቀማመጥ። ሬሳውን የወሰዱት በካልሲው ነው ማለት ነው። ዝላታ ደፉ ላይ ቆመች። እግሬ አይረግጥም ያለችበት ደፍ ነው። የራሷን ጫማ አውልቃ ከእሱ ጎን አስቀመጠችና ገባች።

ትንፋሿን ይዛ ክዳኑን አነሳች። መብራቱን አበራች።

ሁሉም ነገር ተበታትኖ፣ ተተራምሶ ነበር የጠበቀችው። ሰባት ቁጥር ከላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሆዱን ሊያወጣ ጀምሮ፣ እንዳለ ነበር። ከሥሩ ግን እጅ አለ። አምስት የተከፈቱ ጣቶችና መዳፍ፣ አሸዋው ከላቡ ጋር ተነስቶ የሄደበት፣ በብርሃን የተሠራ እጅ። የአውራ ጣቱ መስመሮች ሳይቀሩ ይነበባሉ። ዝላታ ሁለት እጇን ከጀርባዋ አድርጋ አየችው። መቼም ሞኝ ነገር ነው፣ እንዳትነካው ነው እጇን ያሰረችው። ስምንትን ልትሠራ ከሆነ ይህን እጅ ማፍረስ አለባት፤ በዚህ ሥራ ሌላ መንገድ የለም።

አላፈረሰችውም። ብርሃን በማያስገባ ጥቁር ከረጢት ውስጥ በዳሰሳ ፊልሙን ከካሜራው አውጥታ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

ሽቴፍ ወረቀቱን ፊልሙ ካለበት ቆርቆሮ ጋር ሲቀበል መነጽሩን ገፋ አደረገ። "ጭረቱ ሦስት መቶ ሰባ አንድ ነው። ቆጣሪው አራት መቶ አሥራ ሁለት። እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"አውቃለሁ።"

"ኦቶካር? ሳይጭር?"

"እጠበው፣ ጋሽ ሽቴፍ።"

በማግስቱ ፊልሙ ታጥቦና ታትሞ በእጅ በሚዞረው ማያ ማሽን ላይ ተጠመጠመ። ሁለቱ አንድ ፖስትካርድ በምታህል ስክሪን ላይ አጎነበሱ። ሰባት ቁጥር መጣ፤ ተነፈሰ፣ ደከመው፣ ቀስ ብሎ ጎበጠ። ኦቶካር የሠራው መሆኑ ያስታውቃል፤ እንደሱ አድርጎ ቁጥርን የሚያደክም ሰው የለም። ከዚያ እጁ መጣና መስታወቱ ላይ አረፈ። አልተነሳም። ቆየ። ስክሪኑ ነጭ ሆነ።

"አንድ ሰከንድ ተኩል" አለ ሽቴፍ።

"መልሰው። አንድ በአንድ።"

ሽቴፍ እጀታውን በቀስታ አዞረ። አንድ ምስል፣ ሁለት፣ ሦስት። መዳፉ አይንቀሳቀስም። ትንሿ ጣት ብቻ ትነሳለች፣ ትወርዳለች። አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ።

"እዚህ ጋ ቁም" አለች ዝላታ። "እዚህ ጋ ነው ሬዲዮኑን ከፍ ያደረግኩት።"

ሽቴፍ ቀና አለ።

"ሰምቼዋለሁ። እስከ አሥራ ዘጠኝ ቆጥሬዋለሁ። ሊያናድደኝ ነው አልኩ። ከዚህ በኋላ ስንት እንደሆነ አሁን ነው የማየው።"

"ዝላትዬ፣ ሐኪሙ እኮ ቢደረስለትም አይተርፍም ነበር ብሏል።"

"ሐኪሙን ተወው። አዙር።"

ሽቴፍ አዞረ። ሃያ ሁለት ምስል ቀርቶ ነበር። ትንሿ ጣት ተነሳች፣ ወረደች፣ ተነሳች፣ ወረደች። መጨረሻው አካባቢ መነሳቷን ተወች።

"ጠርቶኛል" አለች ዝላታ።

ሽማግሌው ውሸት መናገር ቢችልበት ኖሮ ይህ ሰዓቱ ነበር። አልቻለበትም። "አዎ" አለ። "ጠርቶሻል።"

ከዚያ ሽቴፍ፣ እጅ ሥራ ሲያጣ እንደሚያደርገው፣ የፊልም መቁረጫውን አነሳ። "ከሦስት መቶ ሰባ አንድ ላይ ልቁረጠውና ከዚያ ቀጥዪ። እጅ የገባበት ይቆረጣል።"

"እንዳትነካው" አለች። ጮኻ ነበር የተናገረችው።

በዚያው ቀን በካልሲዋ ተመልሳ ገባች። ካሜራው ውስጥ አዲስ ፊልም አስገባች፣ የኦቶካር በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ መስታወቱ ላይ ያሉትን የብርሃን ጣቶች ቆጠረች። አምስት። ለስምንት ሦስት ይጎድላል። እድሜ ልኳን እጇን ከሥዕሉ ለማውጣት ስትጠነቀቅ የኖረች ሴት፣ ሆን ብላ እጇን አስገባች። በመጀመሪያ አንድ ጣት ከጥግ ብቅ አለች፤ ቀጭ። ትንሽ ቀረበች፤ ቀጭ። ሁለተኛዋ ተከተለቻት፣ ሦስተኛዋም። በአሸዋው ውስጥ እየተሳቡ ከእሱ ትንሽ ጣት አጠገብ ደረሱና አረፉ። እዚያ አቆየቻቸው። እግሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አርባ አንድ ጊዜ ቀጭ አደረገችው፣ እያንዳንዱንም በግራ እጇ ወረቀቱ ላይ ጫረችው። መጣሁ፣ መጣሁ እያለች ነበር፤ ጮክ ብላ ነው ያለችው፣ ሰሚ ባይኖርም።

አሸዋ ክፍል ውስጥ ማልቀስ አይቻልም፤ እንባ የነካው አሸዋ ይጓጉላል፣ አይገፋም። ዝላታ አንገቷን ወደ ኋላ ቀልሳ ወደ ጆሮዋ እንዲፈስ አደረገችው። ከዚያ ማፍረስ ጀመረች። ከእሱ መዳፍ ላይ ያለውን ብርሃን በጥቂት በጥቂቱ አሸዋ እየመለሰች ሸፈነችው፤ ጣቶቹንም፣ አውራ ጣቱን በመጀመሪያው ቀን ሌሎቹን በየተራ፣ ወደ ክብ ነጥብ አጠበበቻቸው። አምስቱና ሦስቱ ጣቶች ስምንት የብርሃን ፍሬ ሆኑ፣ ፍሬዎቹ ተያያዙ፣ ተጠማዘዙ፣ ስምንት ቁጥር ቆመ። የመጨረሻ ያደረገቻት ትንሿን ጣት ናት። ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። በዘጠነኛው ቀን ከኦቶካር እጅ መስታወቱ ላይ ምንም አልቀረም።

ዱብራቭካ ከኦቶካር ቁራጭ ጋር የተቀጠለውን ፊልም ሁለት ጊዜ አየችው። በሁለተኛው ላይ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታይ ነበር፤ እየቆጠረች ነው።

"አምስትና ሦስት" አለች። "እኔ ይህንን ሳስተምር ሁለት ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር።" ቆየችና፣ "የመጀመሪያው እጅ የማነው?"

"የኦቶካር።"

መምህርቷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈች። "ጓድ ዝላታ፣ የሞተ ሰው እጅ ለሕፃናት እንዴት አድርጌ..."

"በዚያ ሰዓት አልሞተም ነበር" አለች ዝላታ። "እየጠራ ነበር።"

ዱብራቭካ ብዕሯን አውጥታ ፈረመች።

ከዚያ በኋላ ከክፍሉ የሚመጣው ድምፅ ቆመ ወይ ብትሉ፣ አልቆመም። አሻንጉሊት ሠሪዎቹ በሙጫና በጨርቅ ከሞሉት በኋላም ዝላታ አልፎ አልፎ ትሰማዋለች። ልዩነቱ፣ አሁን በሰማች ቁጥር መቀሷን ታስቀምጣለች፣ ትነሳለች፣ በሩን ከፍታ ታያለች። አሻንጉሊት ሠሪዎቹ መጀመሪያ ይስቁባት ነበር፤ በኋላ ለመዱትና "ደህና ነን፣ ጓድ ዝላታ" ይሏታል።

ስምንት በቴሌቪዥን የታየው በታኅሣሥ ነው። ዱብራቭካ ትሬሽኔቭካ ሰፈር ወዳለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ወሰደቻት። ዝላታ ጉልበቷ አገጯ ድረስ በሚደርስ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ግራጫው ካርቶን ሊመጣ ነው ብለው ልጆቹ አስቀድመው አፋቸውን ዘጉ። እጁ መጣ። ቆየ። ሦስቱ ጣቶች ከጥግ ሲመጡ አንድ ልጅ "ኧረ!" አለ። ፊልሙ ሲያልቅ መምህርቷ "እንቁጠር" አለቻቸው። ስድስት አሉ፣ ሰባት አሉ፣ ልማድ ነውና ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ መሀል ከፊት የተቀመጠች፣ የፀጉሯ ማሰሪያ የተፈታ ልጅ አምስት ጣቷን ወለሉ ላይ አድርጋ፣ በሌላው እጇ ሦስት ጨመረችበትና "ስምንት!" አለች። ሌሎቹም እየተንጫጩ "ስምንት! ስምንት!" አሉ።

ልጅቷ ተነስታ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደች። አሁን የአየር ጠባይ ይነገር ነበር። እጁ በነበረበት ቦታ መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

"ሰውዬው እጁን ለምንድነው የማያነሳው?" ብላ ጠየቀች።

ሌላ የሚመልስ ስላልነበረ ዝላታ ከወንበሩ ተነስታ አጠገቧ ቆመች። "ሰው እየጠበቀ ነው።"

"ማንን?"

"ሦስቱን ጣቶች።"

"መጡ አይደል?"

"መጡ። ግን አረፈዱ።"

ልጅቷ ይህንን አሰበችበት። "የኔም እናት ታረፍዳለች" አለች። "ሁሉም ልጅ ይሄድና እኔ ብቻዬን በሩ ጋ እቆማለሁ። ግን ትመጣለች።"

ዝላታ ልጅቷ እጇን ከመስታወቱ ላይ እስክታነሳ ድረስ ከአጠገቧ አልሄደችም።